ዘጠኝ ከሰባት ይበልጣል

እናቴ ሽጉጥ የገዛችው በ1988 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለአሮን “ለጦጣ ነው” አለችን። ጦጣው በቆሎውን እየጨረሰ፣ የቡናውንም ችግኝ እየሰበረ አስቸግሯታል። እኔም አመንኳት። ለጦጣማ ወንጭፍ ይበቃል ብዬ አላሰብኩም፤ ትልቅ ሰው የሚያደርገው ነገር ሁሉ በቂ ምክንያት ያለው ይመስለኝ ነበር።

የምንኖረው ከቴፒ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጫካው በሚያስገባው መንገድ ዳር ነው። ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነበር። ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ወንዙ የሚወርደውን ቡና አባቴ ከፈለኝና እናቴ ወሰንየለሽ በእጃቸው ነው የተከሉት። አባቴ በወባ ከሞተ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስታርም፣ ስትለቅም፣ ስታሰጣ ትውልና ብዙ ቀን ራቷን ሳትበላ ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። አሮን በጣቱ ዐይኗን ከፍቶ “እማዬ፣ አለሽ?” ይላታል። “አለሁ” ትለዋለች፣ ዐይኗን ሳትገልጥ።

ያን ክረምት ሲወጣ አንድ ጠዋት አርባ የሚሆኑ ችግኞች ወድቀው አገኘን። እናቴ አንዱን አነሳችና ግንዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔም አየሁት። ሰያፍ ሆኖ የተቆረጠ፣ ነጭ፣ ንጹሕ ነበር። ጦጣ እንዲህ አድርጎ እንደማይቆርጥ ለመረዳት ብዙ ዓመት አልፈጀብኝም፤ ገጀራ ምን እንደሚመስል የማያውቅ የቡና አገር ልጅ የለም። ለመጠየቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከሳምንት በኋላ ውሻችን መቻል ጠፋ። እናቴ ሴት ውሻ ተከትሎ ወደ ጌጫ ሄደ አለችን። አሮን ወደ ጌጫ የሚሄድ መኪና ባየ ቁጥር “መቻልን አምጡልን” እያለ ይጮህ ነበር። መቻል ወንዙ ዳር አፉ አረፋ ደፍቆ ወድቆ እንደነበረ፣ እናቴም እኛ ሳንነሳ ብቻዋን ጉድጓድ ቆፍራ እንደቀበረችው የሰማሁት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

በዚያ ሁሉ መሐል እኔን ደስ የሚለኝ እሑድ ብቻ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጎቴ ይመጣል። ጋሼ በዛብህ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከተማ ውስጥ ቡና ይነግዳል። ረጅም ነው፣ የሽቶ ሽታ አለው፣ ትከሻው ላይ ክላሽ ያነግታል። ክላሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል። ከዚያ አሮንን እሽኮኮ አድርጎት ግቢውን ሲዞር አሮን የቡናውን ቅጠል ከላይ እየነካ ይስቃል። የጋሼ ሳቅ ልክ እንደ አባቴ ሳቅ ስለነበረ እሱ በመጣ ቁጥር ቤታችን ሙሉ የሆነ ይመስለኝ ነበር።

ከእናቴ ጋር ሲያወሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከሚለው ውስጥ የሚገባኝ ጥቂቱ ነው። “የወንድሜ ላብ ነው” ይላል። “ሴት ልጅ ጫካ ዳር ብቻዋን…” ይላል። “ፈርሚልኝና እኔ ልጠብቅልሽ” ይላል። እናቴ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። እኔ “ልጠብቅልሽ” የሚለውን ብቻ ሰምቼ በእናቴ እናደድ ነበር። ጋሼ ከእኛ ጋር ቢያድር፣ ክላሹም እዚያው ግድግዳው ላይ ቢከርም ጦጣው ሁሉ ባልደፈረን ነበር።

የማልወደው እንድርያስን ነው። እንድርያስ ከወንዙ ማዶ የሚኖር የሸኮ ሰው ነው። ወታደር ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ተነስቶ ግማሹን መንገድ በእግሩ መጥቶ ነው አገሩ የገባው ይባላል። ጴንጤ ስለሆነ አይጠጣም፤ ሳቅ የሚባል ነገርም አያውቅም። ከሁሉ በላይ የሚያስጠላኝ ሰው ሲያናግረው ፊቱን ወደ ጎን ማዞሩ ነበር። የደበቀው ነገር ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው ብዬ ደመደምኩ። እንድርያስ ግራ ጆሮው በመድፍ ድምፅ ደንቁሮ ነበር። ፊቱን የሚያዞረው በደህናው ጆሮው እናቴን አጥርቶ ለመስማት ነው።

እናቴ አንድ ቀን አስጠራችውና እኔን ውኃ ቅጂ ብላ አስወጣችኝ። ጀሪካኑን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

ክላሽ እንዲፈልግላት ነው የጠየቀችው። ያኔ ክላሽ ማግኘት አስቸጋሪ አልነበረም፤ የተበተነው ወታደር ሁሉ ይዞት የገባው ነገር ነው። ቀበሌ ሄደው ካስመዘገቡት ደግሞ ማንም ምንም አይልም። እንድርያስ ግን እሺም እምቢም አላላትም። ልጆቹ የት ነው የሚተኙት ብሎ ጠየቃት። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ፣ መደቡ ላይ አለችው። ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ሲቆረቁር ሰማሁት።

“ከዚያ ወዲያስ?”

“ማድ ቤቱ ነው። ከዚያ አጥር። ከአጥሩ ወዲያ የነውድነሽ ቤት።”

“ክላሽ እዚያ ሁሉ ይደርሳል፣ እትዬ” አላት።

ጀሪካኑን አንስቼ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንድርያስ ማዳበሪያ ተሸክሞ መጣ። እናቴ አሮንን ለውድነሽ ሰጥታ ተከትላው ወደ ወንዙ ወረደች። እኔም በቡናው መሐል ለመሐል ተከተልኳቸው። ወንዙ ዳር ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱት፣ ክዳኑ የተነሳ ቤት ነበር። ግድግዳው እንደኛው ቤት ወፍራም ጭቃ ነው። እንድርያስ ማዳበሪያውን ፈታና ሦስት መሣሪያዎች አወጣ፤ አንድ ምንሽር፣ አንድ ክላሽ፣ አንድ ሽጉጥ። ምንሽሩንና ክላሹን ለዚያች ቀን ተውሶ ነው ያመጣቸው።

መጀመሪያ ምንሽሩን ሰጣትና በሩ ውስጥ ቁሚ፣ አሁን ወደ ግራ ዙሪ አላት። ስትዞር አፈሙዙ የበሩን መቃን መታው። ደግማ ሞከረች፤ እንደገና መታው። ተቀበላትና ወደ ማዳበሪያው መለሰው። እኔ እንኳ ገባኝ። ቤት ውስጥ የሚገባ ጦጣ ምንሽር እስኪዞር ቆሞ አይጠብቅም።

ቀጥሎ ክላሹን ራሱ ወስዶ ግድግዳው ላይ አንድ ጊዜ ተኮሰ። ሁለት እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መሬት ላይ ተኛሁ። ቀና ስል እናቴ ግድግዳውን ዞራ ሄዳ ነበር። ጥይቱ ግድግዳውን በስቶ፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን የሙዝ ግንድ በስቶ፣ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። እናቴ ተመልሳ መጣችና ቀዳዳው ላይ ጣቷን ከተተች። ሌባ ጣቷ እስከ ሥሩ ገባ። ጣቷን እዚያው እንዳደረገች ቆመች።

ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሆስፒታል እሠራለሁ፤ ቁስል የምናክምበት ክፍል ነርስ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ከአልጋዋ ላይ ተመትታ መጣች። አባቷ ነው የመታት። ግቢ ውስጥ ኮሽታ ሰምቶ ወደ ውጭ ሲሮጥ ገና እሳሎን እያለ ነው የተኮሰው፤ ጥይቱ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ አልፎ ሄደ። ሰውዬው ወለሉ ላይ ተቀምጦ “እኔ እኮ እነሱን ልጠብቅ ብዬ ነው” ይል ነበር፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። ልጅቷን ለቀዶ ጥገና ሳዘጋጃት የታየኝ የእናቴ ጣት ነው።

ሽጉጡን የተኮሰችው እናቴ ናት። እንድርያስ ሁለት እጇን እንዴት አድርጋ እንደምትይዝ አሳያት፣ ትከሻዋን ዝቅ አደረገላት፣ ቃታውን ቀስ ብለሽ ሳቢ አላት። ግድግዳው ጭቃውን በተነ። ዞረው ሲያዩ ከጀርባ በኩል ምንም የለም። እንድርያስ በቢላ ቀዳዳውን ፈልፍሎ ጥይቱን አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

“የክላሹ ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት ነው የሚሉት” አላት። “ውፍረቱ ነው። ይሄኛው ዘጠኝ ነው። ወፍራም ነው፤ ግን ቶሎ ይደክማል።”

“እኔም ቶሎ ነው የምደክመው” አለች እናቴ። “እሱ ይሁንልኝ።”

እንድርያስ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያው ኮስተር አለና ይሄ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው እንደማይሆን፣ ሁልጊዜም መትቶ እንደማይጥል ነገራት። ቅርብ መሆን አለብሽ አላት። በር ላይ ሆነሽ፣ ፊቱን እስክታዪ መጠበቅ አለብሽ።

“ፊቱንማ አውቀዋለሁ” አለችው።

እኔ የጦጣ ፊት ነው የታየኝ።

ከሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ቁጥሩ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቁጥር ማወዳደር ገና መማራችን ነው። ሰባትና ነጥብ ምናምን የክላሹ ነው። ዘጠኝ የኛ ነው። ከምንሽርም ከክላሽም የሚበልጠውን መርጠን ገዛን ማለት ነው። እናቴ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኝ አታውቅም፤ እንዳየሁ መቼ አወቀችና።

ጋሼ እሑድ ሲመጣ ክላሹን እንደ ልማዱ አስደገፈ። እናቴ ከውድነሽ ጋር ጓሮ ነበረች። አጠገቡ ሄጄ፣

“ጋሼ፣ ያንተ ጥይት ስንት ነው?” አልኩት።

ሳቀ። ይህን ማን አስተማረሽ አለኝ። ከዚያ ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት መሆኑን ነገረኝ፤ ልክ እንደሰማሁት።

“የኛ ዘጠኝ ነው” አልኩት። “ዘጠኝ ከሰባት ይበልጣል።”

ሳቁን አቆመና ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሳቀ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ። ትንሽ ነው ትልቅ አለኝ፣ በእጁ ርዝመቱን እያሳየ። በእጄ አሳየሁት። ታዲያ እናትሽ ለምን ክላሽ አልገዛችም አለኝ። ያን ጊዜ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ ወንዙ ዳር ስላለው ቤት፣ ስለ ሙዙ ግንድ፣ ስለ እንድርያስ ቢላ። ክላሽ ግድግዳውን በስቶ አሮንን ስለሚመታው ነው አልኩት። እማዬ ከሁሉ የምትፈራው እሱን ነው አልኩት። ይህን የመጨረሻውን ማንም አልነገረኝም፤ ቀዳዳው ላይ ጣቷን ከትታ ስትቆም አይቼ ያወቅሁት ነው። ጋሼ ራሴን ደባበሰኝ።

“እናትሽ አስተዋይ ሴት ናት” አለ። ከረሜላ ሁለት ሰጠኝ፤ ሌላ ጊዜ የሚሰጠኝ አንድ ነበር። ማወቁን ለእማዬ እንዳልነግራት፣ ብታውቅ እንደምትደነግጥ ነገረኝ። ቃል ገባሁለት፤ ቃሌንም ጠበቅሁ።

ኅዳር ላይ፣ ለቀማው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት መጡ። ትምህርት ቤት ከሰዓት ስለምገባ ቤት ነበርኩ። አሮን ቡናው ከተሰጣበት ቆጥ ሥር እየተጫወተ ነው። እናቴ እንጨት ስትፈልጥ ነበርና ድንገት መጥረቢያውን አስቀመጠች። እኔ ምንም አልሰማሁም። እሷ ግን ቀና ብላ መንገዱን አየች፣ “አሮን” ብላ ተጣራች፣ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ሽጉጡን ይዛለች።

ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች በአጥሩ በር ገቡ። አንደኛው ክላሽ ይዟል፤ ሁለተኛው የተጣጠፈ ወረቀት። ጋሼ ግን በበሩ አልመጣም። በቡናው በኩል፣ በቆጡ አጠገብ ነው የመጣው፤ አሮንንም ይዞት ነበር። ደስ አለኝ። ጦጣውን ሊያባርሩልን የመጡ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ እንግዳ ሆነብኝ። ጋሼ አሮንን ሁልጊዜ እሽኮኮ ነው የሚያደርገው። ያን ቀን ደረቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት እጁ አቅፎታል።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። እንድርያስ እንዳሳያት በሁለት እጇ ይዛ፣ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ አነጣጠረች። ጋሼ መራመዱን አላቆመም። አሥር እርምጃ፣ ሰባት እርምጃ፣ ከዚያ ቆመ። ቅርብ ነበር። ፊቱ በደንብ ይታያል። የአሮን ጭንቅላት አገጩ ሥር ነው።

“ልጁን አውርደው” አለች እናቴ።

“ዘጠኝ ነው አሉኝ” አለ ጋሼ። “ከሰባት ይበልጣል አሉኝ።” ይህን ሲል ወደ እኔ አየና ፈገግ አለ።

እኔም ፈገግ አልኩለት። ኮርቼ ነበር።

እናቴ ዞራ አላየችኝም። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። አሮን መሰላቸትና መወራጨት ጀመረ፤ ጋሼም ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ከዚያ እናቴ ክንዷ የዛለ ይመስል ቀስ ብላ ሽጉጡን ዝቅ አደረገች፤ ጎንበስ ብላም ደፉ ላይ አስቀመጠችው። ወረቀት የያዘው ሰው ተጠግቶ አነሳው፣ ጥይቱን አራግፎ መለሰላት። ወረቀቱን የሚፈርሙበት ጠረጴዛ ስላልነበረን የፈረመችው ስትፈልጠው በነበረው እንጨት ላይ አስደግፋ ነው። ቡናውንና ቤቱን ለባሌ ታላቅ ወንድም በፈቃዴ አስተላልፌያለሁ ይላል። ሁለቱ ሰዎች ምስክር ሆነው ፈረሙ። ሰውዬው ወረቀቱን ሲያጥፍ ጋሼ አሮንን አወረደው። ከኪሱም ከረሜላ አውጥቶ ሰጠው።

እንድርያስ ወሬውን ሰምቶ ከሰዓት መጣ። እኔ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እናቴ የሆነውን በአጭሩ ነገረችውና ሽጉጡን መለሰችለት። መቀበል አልፈለገም። እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ፣ ክላሽ ቢሆን ኖሮ ገና ከሩቅ አያስቀርባቸውም ነበር አላት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ከሩቅም ቢሆን ልጁን ይዞ ነው የመጣው አለችው። እንድርያስ ደህናውን ጆሮውን ወደ እሷ አዞረ።

“ለዚህ የሚሆን ጥይት አላውቅም፣ እትዬ” አለ።

ከሰው ጭነት መኪና ለምኖ ሚዛን ተፈሪ ያደረሰን እሱ ነው። እናቴ ቀበሌም ወረዳም ሄዳ አቤት ብላ ነበር፤ ፊርማሽ ነው ወይ አሏት፤ ነው አለች፤ በቃ፣ ሂጂ አሏት። ሚዛን አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የሰው ልብስ አጠበች፣ ገበያ ዝንጅብልና ኮረሪማ ቸረቸረች። የዚያን ዓመት የማስታውሰው ድካሟን ነው። ከሥራ ስትመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ሳናግራት “ደክሞኛል፣ ትዝታ” ትለኛለች። አሮንን ታቅፈዋለች፤ እኔ ሳልጠራ አጠገቧ አልሄድም። ትልቅ ልጅ ስለሆንኩ ነው ብዬ አሰብኩ።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ነው። አንድ ቀን ውኃ ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ የጋሼ ፈገግታ መጣብኝ። ጀሪካኔን ጥዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ቤት ስደርስ ግን አልነገርኳትም። ነርስ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ አልነገርኳትም።

ባለፈው ዓመት፣ በ2009 ሚያዝያ፣ ጋሼ በዛብህ ቴፒ ላይ ሞተ። አሮን ሞቱን በስልክ ሰምቶ ከሥራው አስፈቅዶ ሄደ። ሦስት ቀን ቆይቶ ዐይኑ አብጦ ተመለሰ። እሽኮኮ ያደርገኝ ነበር፣ አባቴን አላውቀውም፣ እሱን ነው የማስታውሰው እያለ እቤቴ ተቀምጦ አለቀሰ። እናቴ ሻይ ቀዳችለትና “ነፍሱን ይማር” አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

አሮን ከሄደ በኋላ እናቴን በረንዳ ላይ አስቀምጬ የእግሯን ጥፍር እቆርጥላት ጀመር። ወገቧ እምቢ ካላት ወዲህ የኔ ሥራ ነው። ቀና ሳልል ነገርኳት።

“እማዬ፣ ስለ ሽጉጡ ለጋሼ የነገርኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አለች።

“መቼ አወቅሽ?”

“ዘጠኝ ሲል። አነጋገሩ ያንቺ ነበር።” ትንፋሿን ሳበች። “አንድ ዓመት ያህል ፊትሽን ማየት አቃተኝ፣ ልጄ። ሕፃን እንደሆንሽ አውቃለሁ። የዋሸኋችሁም እኔ ነኝ፤ ጦጣ ነው ያልኳችሁ። ቢሆንም አቃተኝ። ማታ ስትተኚ አይሽ ነበር፤ ስትተኚ ይቀለኝ ነበር።”

“ደክሞሽ ነው ብዬ ነበር” ልላት ፈለግሁ፤ ጥፍሯን መቁረጤን ቀጠልኩ።

“ለአሮን እንዳትነግሪው” አለች ቆይታ። “እሱ ወዶት ነው የቀበረው። ይቅርለት።”

እሺ አልኳት። የጨረስኳትን እግሯን አውርጄ ሁለተኛዋን ጉልበቴ ላይ ተቀበልኳት።